መነጽሩ ሲጠፋ ቁጥሩ የት ነበር?

«ጋሼ፣ ወረቀቱን ይዘውታል?»

«የቱን ወረቀት?»

«ሐኪም የጻፈልዎትን፤ የዓይንዎ ቁጥር ያለበትን።»

«እሱማ ያኔ ለመነጽር ቤቱ ሰጥቼው እዚያው ቀረ። ማይነስ ሁለት ምናምን ነበር መሰለኝ።»

ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ወጣት ፈገግ አለች። እንዲህ ያለ መልስ በየቀኑ ትሰማለች። ደንበኛዋ ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው የሂሳብ ሠራተኛ ናቸው። ሚኒባስ ውስጥ ሆነው ዝናብ ያረጠበውን መነጽራቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ ስልካቸው ጠራ። መነጽሩን ጭናቸው ላይ አኑረው ሲያወሩ መገናኛ ደረሱ፤ «ወራጅ አለ» ብለው በግፊያ ወረዱ። ታክሲው መነጽሩን ይዞ ሄደ። ያሠሩበት ሱቅ ፒያሳ ነበር፤ የሰፈሩ ብዙው ክፍል በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ሱቁም ተነሣ፤ ወዴት እንደ ገባ አያውቁም። ወረቀቱም አብሮ ሄዷል።

መነጽር ሲጠፋ እንዲህ ነው፤ ለውዱእ ወይም ፊት ለመታጠብ ወልቆ፣ ልቅሶ ቤት ዕንባ ሲጠረግ ተቀምጦ፣ ተማሪ ኳስ ሊጫወት ሲል ድንጋይ ላይ አኑሮት። ፍሬሙን መተካት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ከቦሌ እስከ መርካቶ ፍሬም ሞልቷል። ሰውን የሚያንከራትተው ቁጥሩ ነው። መነጽር የሚያደርግ አብዛኛው ሰው የጫማውን ቁጥር ያውቃል፤ የዓይኑን ግን አያውቅም። መነጽሩ ሲጠፋ ያለው ብቸኛ መዝገብ አብሮት ይጠፋል።

«ዘግቶኝ አለፈ»

የሂሳብ ሠራተኛው መነጽር ቤት የመጡት በጠፋባቸው ማግስት አይደለም። ሳምንት አልፏቸዋል። እንዴት ቻሉት ቢሉ፣ አዲስ አበባ ራሷ ታግዛለች። ታክሲ ለመያዝ ማንበብ አያስፈልግም፤ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ይጮኻል። ቢሮ ውስጥ ወረቀቱን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ያነባሉ፤ እንዲያውም ያለ መነጽር ይቀላቸዋል። ችግሩ የሚጀምረው የአውቶቡስ ቁጥር መለየት ሲያስፈልግ፣ ስብሰባ ላይ ግድግዳው ላይ የሚታየው ሰንጠረዥ ሲደበዝዝ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሰላምታ ነው። ማዶ የቆመ ወዳጅ እጁን ሲያነሣ አያዩትም፤ እሱም «ዘግቶኝ አለፈ» ብሎ ያዝናል።

ይህ ሁሉ ከቁጥሩ ጋር የተያያዘ ነው። ሌንስ የሚለካበትን ዳዮፕተር የተባለ መለኪያ ያወጣው ፈረንሳዊው የዓይን ሐኪም ፈርዲናንድ ሞኖየር ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1872። ስሌቱን ማንም ሊሠራው ይችላል፤ አንድ ሜትርን ለቁጥሩ ማካፈል ነው። ማይነስ 2.50 የሆነ ሰው 1ን ለ2.5 ቢያካፍል 40 ሴንቲ ሜትር ያገኛል። ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያየው እስከዚያ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። ማይነስ 5 ከሆነ ድንበሩ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ያ ሰው መነጽሩ ከጠፋበት መነጽሩን ራሱን መፈለግ ያቅተዋል።

ምክንያቱ የዓይን ቅርጽ ነው። የአዋቂ ሰው ዓይን ከፊት እስከ ኋላ በአማካይ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢረዝም ብርሃኑ ሬቲና ላይ ሳይደርስ ፊት ለፊቱ ይሰበሰባል፤ ሰውዬው ከ2 ዳዮፕተር በላይ ማይነስ ይሆናል። ዓይኑ ካጠረ ተቃራኒው ነው፤ ፕላስ ይሆናል። የዓይኑ የፊት መስኮት ወደ አንድ ወገን ይበልጥ የጎበጠ እንደ ሆነ ደግሞ አስቲግማቲዝም ይባላል፤ የዚያ ማረሚያ ሲሊንደር ነው።

አዲሱ መነጽር እስኪደርስ ሁለት ዘዴዎች ያግዛሉ። አንደኛው ካርቶን ላይ በመርፌ አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ቀዳዳ አበጅቶ በእርሷ በኩል ማየት ነው፤ የሚያልፈው ብርሃን ስለሚጠብብ ብዥታው ይቀንሳል፤ ሐኪሞችም ጉድለቱ በመነጽር የሚስተካከል መሆኑን ለመለየት ይህንኑ ይጠቀሙበታል። ሁለተኛው ለማይነስ ሰዎች ነው፤ የስልክን ካሜራ ወደ ሩቁ ነገር አዙሮ ስክሪኑን ከቅርብ ማየት። የአውቶቡስ ቁጥር በዚህ ይነበባል። ለመንዳት ግን ሁለቱም አይሆኑም፤ መነጽር ያስፈልገዋል የተባለ ሹፌር መነጽሩ እስኪተካ መሪ ባይዝ ይሻላል።

አሮጌው መነጽር ይናገራል

«ቤት ውስጥ አሮጌ መነጽር የለዎትም? የተሰበረም ቢሆን?» ትጠይቃለች ወጣቷ።

ጥያቄዋ ዋዛ አይደለም። በየመነጽር ቤቱ ጥግ ማይክሮስኮፕ የሚመስል ሌንሶሜትር የሚባል መሣሪያ አለ። መነጽሩን ከሥሩ ሲያስቀምጡት የእያንዳንዱን ሌንስ ቁጥር፣ ሲሊንደሩን፣ ሲሊንደሩ የተቀመጠበትንም አቅጣጫ ያነባል። ስለዚህ የተሰበረ መነጽር ያለው ሰው ወረቀቱ ቢጠፋበትም ቁጥሩ አልጠፋበትም። ፍሬሙ ውስጥ ያለ ሌንስ ሁሉንም ይናገራል። ከፍሬሙ የወለቀ ስብርባሪም ቢሆን ኃይሉን ይናገራል፤ አቅጣጫውን ግን ማወቅ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም በየት በኩል ቆሞ እንደ ነበር አይታወቅም። ስብርባሪውን አለመጣል የሚሻለው ለዚህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት የተተወ መነጽርም ቢሆን ቁጥሩ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ለመርማሪው ይነግረዋል።

ሙሉ በሙሉ የጠፋ መነጽር ግን ለሌንሶሜትሩ ምንም አይነግረውም። ያኔ ወደ ምርመራ ክፍል መመለስ ግድ ይሆናል።

«ይኼኛው ወይስ ይኼኛው?»

ምርመራው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ኦቶሪፍራክቶሜትር በሚባል ማሽን ነው። አገጭ ይደገፋል፤ ውስጥ መንገድ ዳር ላይ የቆመ ትንሽ ቤት ወይም ሰማይ ላይ የተንሳፈፈ ፊኛ ይታያል፤ በሴኮንዶች ውስጥ ቁጥር የተጻፈባት ጠባብ ወረቀት ትወጣለች። ብዙ ሰው «በቃ፣ በኮምፒውተር ታየሁ» ብሎ እዚህ ላይ ሊነሣ ይፈልጋል። ማሽኑ የሚሰጠው ግን መነሻ ነው። መጨረሻው የሚገኘው ተመርማሪው ራሱ ሲናገር ነው።

ባዶ የሙከራ ፍሬም አፍንጫ ላይ ይቀመጣል። መርማሪው ከሣጥኑ ሌንስ እያወጣ ያስገባል፣ ያወጣል። ግድግዳው ላይ ሆላንዳዊው ኸርማን ስኔለን እ.ኤ.አ. በ1862 ካወጣው ሰሌዳ የተወለደው ሰንጠረዥ አለ፤ የላቲን ፊደል ለማያነብ እግሯ ወደ አራቱም አቅጣጫ የምትዞረው ባለ ሦስት ጣት ምልክት አለች፤ ሰው ወዴት እንደ ዞረች በጣቱ ያሳያል። «ይኼኛው ይሻላል ወይስ ይኼኛው?» «ሁለተኛው።» «አሁንስ?» «…አንድ ናቸው።» «አንድ ናቸው» ማለት ስንፍና የሚመስለው ብዙ ነው፤ መርማሪው ግን የሚፈልገው እርሱን ነው፤ መድረሻው ላይ ደርሰናል ማለት ነውና። ልዩነቱ የሚለካው በ0.25 ደረጃ ነው። የሂሳብ ሠራተኛው «ሁለት ምናምን» ያሉት 2.25፣ 2.50 ወይም 2.75 ሊሆን ይችላል፤ ሲሊንደርም ካለበት ግምቱ ጨርሶ አይሠራም።

ይህን ደረጃ መዝለል የማይገባቸው ሰዎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ናቸው። የልጅ ዓይን ጡንቻ ብርቱ ስለሆነ ማሽኑን ያታልላል፤ ማይነስ ያልሆነውን ልጅ ማይነስ አስመስሎ ያሳያል። ለዚህ ነው የዓይንን ጡንቻ ለጊዜው የሚያዝናና ጠብታ ተደርጎላቸው የሚታዩት። መነጽሩን በየጊዜው የሚጥል ልጅ ላይ መቆጣት የወላጅ ደንብ ነው፤ ሆኖም እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ባለው ዕድሜ አንደኛው ዓይን ብቻ ብዥታ ውስጥ ከቆየ አንጎል ያን ዓይን ችላ ማለት ሊለምድ ይችላል፤ ኋላ መነጽር ቢመጣም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። የልጅ መነጽር ሲጠፋ «ለመጪው ሴሚስተር» የማይባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛዎቹ ስኳር ያለባቸው ናቸው። የደም ስኳር ከፍና ዝቅ ሲል የዓይን ውስጥ ሌንስ ውኃ ይስባል፣ ይለቅቃል፤ ቁጥሩም አብሮ ይዋዥቃል። ስኳሩ ባልረጋበት ሳምንት የተሠራ መነጽር ስኳሩ ሲረጋ አይሆንም። መጀመሪያ ስኳሩን ማርጋት፣ ከዚያ መለካት ነው።

ከምርመራው በኋላ ወረቀቱ ይጻፋል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ነገር አለ። አንዱ ክሊኒክ «−2.00 / −1.00 × 180» ይጽፋል፤ ሌላው «−3.00 / +1.00 × 90»። ሰው ሁለቱን አስተያይቶ «አንዱ ተሳስቷል» ይላል። ማንም አልተሳሳተም፤ ሁለቱ አንድ ሌንስ ናቸው። ሲሊንደሩን በማይነስ የሚጽፍም በፕላስ የሚጽፍም ባለሙያ አለ። መለወጫው ይህ ነው፤ ሁለቱን ቁጥሮች ይደምሩ፣ የሲሊንደሩን ምልክት ይገልብጡ፣ አቅጣጫውን በ90 ዲግሪ ያዙሩ።

ወረቀቱ ላይ የማይገኘው ቁጥር

ሙሉ ወረቀት የያዘ ሰው እንኳ አንድ ነገር ሊጎድለው ይችላል። ፒዲ ይባላል፤ ከአንዱ ብሌን መሐል እስከ ሌላው ብሌን መሐል ያለው ርቀት ነው። በአዋቂዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ54 እስከ 74 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ምርመራ ክፍል ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ መነጽር ቤቱ በማስመሪያ ወይም በመሣሪያ ይለካዋል፤ ለካም ብሎ ለባለቤቱ አይነግረውም።

የሌንስ እምብርት ከብሌኑ ፊት ለፊት መቀመጥ አለበት። ማይነስ 5 የሆነ ሌንስ እምብርቱ 4 ሚሊ ሜትር ቢያፈነግጥ የ2 ዳዮፕተር ፕሪዝም ውጤት ያመጣል፤ ዓይን ሁለቱን ምስሎች ለመግጠም ቀኑን ሙሉ ይታገላል። «ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ግን ራሴን ያመኛል» የሚለው ስሞታ አንዱ ምንጩ ይህ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ስሕተቱ ይበልጥ ያስቀጣል።

ከመጋረጃው ጀርባ ሞራጁ ሥራውን የሚጀምረውም ከዚሁ እምብርት ነው። ሌንሱን ሌንሶሜትር ላይ አድርጎ ሦስት የቀለም ነጥብ ያሳርፍበታል፤ መሐለኛዋ ነጥብ እምብርቷ ናት። ከዚያ ሌንሱን ውኃ በሚረጭበት መሞረጃ ማሽን እያዞረ በፍሬሙ ልክ ይቀርጸዋል፤ የፕላስቲክ ፍሬም ከሆነ ጠርዙን አሙቆ አለስልሶ ሌንሱን ይገፋዋል። ዱቄት የሚመስል ነጭ ብናኝ ክንዱ ላይ ይቀራል።

መደበኛ ቁጥር ያለው ሰው በዚያው ቀን መነጽሩን ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ሌንሱ ተዘጋጅቶ መደርደሪያ ላይ ይገኛልና። ቁጥሩ ከፍ ያለ፣ ሲሊንደሩ የበዛ ወይም ሩቁንም ቅርቡንም በአንድ ሌንስ የሚያሳየውን ፕሮግሬሲቭ የሚያደርግ ሰው ግን ሌንሱ ለእርሱ ተብሎ ስለሚሠራ ይጠብቃል፤ አንዳንዴም ከውጭ እስኪመጣ። በአገራችን ያለው አብዛኛው ሌንስና ፍሬም ከባሕር ማዶ የሚገባ ነው፤ ብዙው ከቻይና። ስለዚህ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቅቅና አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ታክሲ ውስጥ የሚቀር መነጽርም ዋጋው አብሮ ከፍ አለ።

ገንዘብ ሲያጥር ከምን ላይ መቆጠብ ይቻላል? ከፍሬሙ ላይ። ከሌንሱ ልብስም ላይ፤ ለፀሐይ የሚጠቁረው ፎቶክሮሚክና ሰማያዊ ብርሃን ይቀንሳል የሚባልለት ብሉ ከት ቢቀሩ ዕይታ አይቀንስም። ከምርመራውና ከልኬቱ ላይ ግን አይቆጠብም። ውድ ፍሬም ውስጥ የገባ የተሳሳተ ቁጥር ጌጥ ነው።

አስፋልት ዳር ያለው መነጽር

መርካቶም ሆነ ሜክሲኮ አካባቢ በላስቲክ ላይ የተደረደሩ መነጽሮች አሉ፤ ሌንሳቸው ላይ +1.50፣ +2.00፣ +2.50 የሚል ትንሽ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ገዢዎቹ ከአርባ ዓመት በላይ ናቸው፤ ዳዊት የሚደግሙ እናት፣ ክር በመርፌ የሚያስገባላቸው ልጅ የሌላቸው ልብስ ሰፊ፣ ምስር የሚለቅሙ አክስት። ከአርባ ዓመት በኋላ የዓይን ውስጥ ሌንስ ስለሚደነድን ቅርብ ማየት ለሁሉም ይከብዳል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ዕድሜ ነው።

ሁለቱ ዓይኖቹ እኩል የሆኑ፣ ሲሊንደር የሌለበት፣ ሩቁን አጥርቶ የሚያይ ሰው ይህ መነጽር ሲጠፋበት ከመንገድ ዳር ቢተካው ዓይኑ አይጎዳም። ማንበቢያ መነጽር ማግኘት እንጀራም ያሰፋል፤ በሕንድ አሳም ግዛት ዕድሜያቸው ከ40 በላይ በሆኑ ሻይ ለቃሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 ዘ ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጣው ጥናት፣ መነጽር የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ ምርታቸው በ21.7 በመቶ የበለጠ መጨመሩን አሳይቷል። ቡና ለቃሚና ሸማኔ ላለበት አገር ይህ ቁጥር ባዳ አይደለም።

ሆኖም የመንገድ ዳሩ መነጽር ምርመራ የለውም። ግላኮማ ሕመም ሳይኖረው የዳር ዕይታን ቀስ እያለ ይበላል፤ የሚታወቀው በምርመራ ነው። መነጽሩ ጠፍቶበት ሐኪም ዘንድ ለመመለስ የተገደደ ሰው በዚያው የዓይኑን ግፊት ቢያስለካ፣ መነጽሩ መጥፋቱ ለደግ ይሆንለታል።

የማን ቁጥር ነው?

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ የሕዝቡ 1.6 በመቶ ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ዝቅተኛ ዕይታ ያለው መሆኑን አገኘ። ከዝቅተኛ ዕይታው ሲሶ ያህሉ፣ ማለትም 33.4 በመቶው፣ በመነጽር ሊስተካከል ይችል በነበረ ጉድለት የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ የጎንደር ዩኒቨርሲቲና ሌሎችም ኦፕቶሜትሪስቶችን እያሠለጠኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሩቅ ለማየት መነጽር ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚስማማውን ያገኙት 36 በመቶው ብቻ ናቸው ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ስፔክስ 2030 የተባለ ዘመቻ ጀምሯል።

እነዚህ ቁጥሮች የሚናገሩት የሚስማማ መነጽር ስለሌላቸው ሰዎች ነው። አግኝቶ ያጣው ሰው በጥናት ውስጥ ለብቻው አይቆጠርም፤ ኑሮው ግን ካላገኘው ሰው ኑሮ ጋር አንድ ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው አዲስ ሆስፒታል አይደለም። ቁጥሩ በእጁ መኖሩ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ሕግ ሆኗል። የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ደንብ መሠረት መርማሪው ምርመራውን እንደ ጨረሰ፣ ተመርማሪው ሳይጠይቅ፣ ወረቀቱን ሊሰጠው ይገደዳል፤ መነጽሩን ከእርሱ ዘንድ ባይገዛም እንኳ። ሰው ቁጥሩን ይዞ ዋጋው ወደሚስማማው ቤት ይሄዳል። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ያለች እህት «ቁጥሩን በቴሌግራም ላኩልኝና እዚህ ላሠራላችሁ» የምትለውም ለዚህ ነው፤ እዚያ በኢንተርኔት ማዘዝ የተለመደ ነው። ነገር ግን የአሜሪካው ደንብ ፒዲን አያስገድድም፤ ከዚህ የሚላከውም ወረቀት ብዙ ጊዜ አይኖረውም። ስለዚህ ከመላኩ በፊት እዚሁ ማስለካት ነው፤ ያለዚያ ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣው መነጽር ራስ ምታት ሆኖ ይቀራል።

እኛ ዘንድ ልማዱ ወረቀቱን ሱቅ ጥሎ መሄድ ነው። ሻጩ በክፋት አያስቀረውም፤ ሞራጁ እንዲያየው ከትዕዛዙ ጋር ይያያዛል፤ ደንበኛውም «ምን ያደርግልኛል» ይላል። ለውጡ ብዙ አይጠይቅም። መነጽር ቤቱ መነጽሩን ሲያስረክብ ቁጥሩንና ፒዲውን በካርድ ጽፎ ማኅደሩ ውስጥ ቢያኖር፣ ደንበኛው ተመልሶ የሚመጣው ወደዚያው ነው።

መነጽር ቤቱ ባያደርገውም ባለቤቱ ያድርገው። አዲሱን መነጽር የሚረከብ ሰው አድርጎት ይነሣ፣ ይራመድ፣ ደረጃ ይውረድ፣ በር ላይ ቆሞ ማዶ ያለውን ጽሑፍ ያንብብ። በአንድ ዓይን ብቻ፣ ከዚያም በሌላው ይሞክር። ሲሊንደሩ አዲስ ከሆነ መሬቱ ለጥቂት ቀናት ዘንበል ያለ ሊመስል ይችላል፤ ከሳምንት በላይ ካልለቀቀ ይመልሰው፣ በሌንሶሜትር ከወረቀቱ ጋር ይመሳከርለት። ከዚያ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ ያንሣና ለሚስቱ ወይም ለልጁ ይላከው፤ ስልክም ይጠፋልና።

የሂሳብ ሠራተኛው ተመርምረው ሲወጡ ወረቀቱ ላይ የነበረው ይህ ነው፦ ቀኝ −2.75 / −0.50 × 90፤ ግራ −2.50፤ ለንባብ +1.50፤ ፒዲ 64። «ሁለት ምናምን» ያሉት ይህን ሁሉ ኖሯል። ሙሉው በአንድ አጭር የስልክ መልእክት ይገባል።